የእትዬ የሺ የጣሪያ እንግዶች

ዓርብ፣ ባሕር ዳር፣ ሊነጋ ሲል

ታናሽ እህቴ ሰናይት በሬን ስታንኳኳ ገና የጫማዬን ማሰሪያ እየቋጠርኩ ነበር። ጀርባዋ ላይ ያለው ሻንጣ ከኋላ ሲያዩት እግር ያበቀለ ይመስላል። ውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ፦ የራስ ባትሪ፣ የቆዳ ጓንት፣ የሌሊት ወፎችን ድምፅ ለእኛ ጆሮ እንዲሰማ አድርጎ የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ብዙ ብስኩት።

"እታለም፣ ቶሎ በይ። የመጀመሪያው ሚኒባስ ካመለጠን ሁለተኛው እስኪሞላ እንጠወልጋለን።"

ያስቸኮላት የስልክ ጥሪ ነው። በሳምንቱ አጋማሽ እኔ ቤት እራት እየበላን ሳለ እትዬ የሺ ደወሉላት። እትዬ የሺ ከእንጅባራ በላይ ባለ የገጠር መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በአሮጌው የሣር ቤታቸው ጣሪያ ውስጥ ሰናይት ለዓመታት የምትከታተላቸው ትንንሽ የሌሊት ወፎች ተጠግተዋል። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሁለት ነገር ነገሯት። አንደኛው "ልጄ፣ እንግዶችሽ መውደቅ ጀምረዋል" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልጃቸው ጌታነህ ቆርቆሮ መግዛቱንና ቅዳሜ ጠዋት የሣሩን ጣሪያ ሊያፈርሰው መሆኑን። ሰናይት የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"አብሬሽ ልሂድ?" አልኳት።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ አልፎ አልፎ ለጋዜጣ እጽፋለሁ። የሌሊት ወፍ ግን በሕይወቴ ቀርቤ አይቼ አላውቅም ነበር። የምታጠናውን ነገር እሷ ስታወራው መስማት እወዳለሁ፤ ፊቷ ይበራል፣ እጇ ይበርራል፣ ሻይዋ ይቀዘቅዛል።

"ብትመጪ ደስ ይለኛል" አለች፤ ድምፏ ዝቅ ያለ ነበር።

መናኸሪያው ውስጥ ያሉት ገና በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሰዎች ናቸው። ሹፌራችን ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ ሊጭነው ሲል ሰናይት አልሰጥም አለች።

"ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ።"

"ምን ቢይዝ ነው እህቴ?"

"የሌሊት ወፍ ማዳመጫ።"

ሹፌሩ ጥቂት አሰበ። "እነሱ ደግሞ ምን ይላሉ?"

"አብዛኛውን ጊዜ እራቴ የት አለ ነው የሚሉት።"

ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ሚኒባሱ ሲሞላ የጣናን ሽታ ወደኋላ ትተን ወጣን።

መራዊን አልፈን

ግንቦት ተጋምሷል። መስኖ የሚደርስበት መሬት አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ታርሶ፣ ተከስክሶ፣ ቀይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በሌላ ዓመት በዚህ ጊዜ የመኪናው ጎማ ጭቃ ይረጭ ነበር ይላል ሹፌሩ። አሁን የሚረጨው አቧራ ነው። በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ከንፈራችን ላይ ይቀመጣል።

ሰናይት ከአቧራው ጋር እየታገለች ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳችኝ። እነዚህ የሌሊት ወፎች ፍራፍሬ አይነኩም። የሚበሉት ነፍሳትን ነው፤ ትንኝ፣ የእሳት እራት፣ በማታ የሚበር ጥቃቅን ነገር ሁሉ። አንዷ ብትመዘን ከሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አትበልጥም። በዓመት አንዴ፣ አንድ ልጅ ብቻ ትወልዳለች። የምትወልደውም ዝናብ መጥቶ ነፍሳቱ በሚፈሉበት ሰሞን እንዲሆን ነው፤ ለጡቷ ወተት የሚሆነው እሱ ነውና።

"ዝናቡ ቢዘገይ መውለጃዋን አታዘገይም?" አልኳት።

"አንዴ ካረገዘች ብዙም አትችልም። እሷ በሰዓቷ ትደርሳለች፤ ዝናቡ ይቀራል።"

ይህን ብላ ብስኩት አወጣች፤ ለእኔ ትልቁን ሰጠችኝ።

ዳንግላ፣ ረፋድ ላይ

ዳንግላ ቁርስ ለመብላት ወረድን። ጋሪዎቹ ከመናኸሪያው በር ጀምሮ ተደርድረዋል፤ የፈረሶቹ ግንባር ላይ ቀይና ቢጫ ክር ተሰፍቷል። በአንዲት ጠባብ ቤት ትኩስ ዳቦና ቅመም የበዛበት ሻይ ቀረበልን፤ ከዚያ ሰናይት ለእትዬ የሺ ስኳርና ቡና፣ ለባላቸው ለአያ ፈንታሁን ደግሞ ወፍራም ካልሲ ገዛች። ካልሲውን ሦስት ሱቅ ዞራ ነው የመረጠችው፤ የሳቸው እግር ይበርደዋል ብላ።

ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀምጠዋል። ነጭ ቆብ አድርገዋል፤ እግራቸው ሥር የማንጎ ዘንቢል አለ። ስማቸው አቶ ሰይድ ነው። ዳንግላ ያገባች ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ቤታቸው፣ ከጫግኒ ወዲያ ወዳለው ቆላ መመለሳቸው ነው። ቤተሰቦቻቸው በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲመጡ እሳቸው ልጅ ነበሩ።

የሰናይትን ሥራ ሲሰሙ ዞር ብለው አዩዋት።

"ከእኔ ማሳ በላይ ዋሻ አለ። አንቺ ነሽ እንዴ በተማሪነትሽ ባትሪ ጭንቅላትሽ ላይ አስረሽ የምትመጪው?"

"እኔ ነኝ" አለች ሰናይት። እጇን ዘርግታ እንደገና ጨበጠቻቸው።

አቶ ሰይድ ወደ እኔ ዞረው አጫወቱኝ። ልጆቻቸው ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ አንዱን ትከሻቸው ላይ፣ ሌላውን በእጃቸው ይዘው ዋሻው ፊት ይቆሙ ነበር። የሌሊት ወፎቹ ሲወጡ ሰማዩ ይጠቁራል። ዳንግላ ያገባችው ልጃቸው ክንፋቸው ፀጉሯን ሲያርገበግበው ዓይኗን ጨፍና ትስቅ ነበር።

"አሁንስ?" አልኳቸው።

"አሁን ባዶ ነው። ዋሻው ፊት የነበረው ምንጭ ከገና በኋላ ይደርቃል። ሙቀቱም እኛን ራሳችንን ከቤት አስወጥቶናል፤ ውጭ ነው የምንተኛው። ትንኙ ደግሞ..." እጃቸውን አወዛወዙ። ከዚያ ለሰናይት "ሄዱ ነው ወይስ ሞቱ?" አሏት።

"የተወሰኑት ወደ ደጋው ሳይወጡ አልቀሩም። በዋሻው ያሉት እየሳሱ ሲመጡ፣ በእነዚያው ዓመታት ከእንጅባራ በላይ የዚያው ዘር የሌሊት ወፎች መታየት ጀመሩ። ስለቀሩት ግን የማውቀው ነገር የለም፣ አባቴ።"

አቶ ሰይድ ጎንበስ ብለው ሦስት ማንጎ መርጠው ሰናይት ጭን ላይ አስቀመጡ።

"ለምታርፉበት ቤት ሰዎች" አሉ።

እንጅባራ፣ ከቀትር በኋላ

ከአዲስ ቅዳም ወዲህ መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከኋላው ለከሰል የሚተከለው፣ ዲከረንስ የሚባለው ግራር እንደ ጥቁር አጥር ይከተላል። እንጅባራ ስንደርስ አየሩ ተለወጠ። ቀርከሃ ወንበር የሚሸጡት ሰዎች ጋቢ ደርበዋል። አቶ ሰይድ ወደ ጫግኒ በሚሄደው አውቶቡስ ሊሳፈሩ ተሰናበቱን፤ እኛ ባጃጅ ይዘን መንገዱ እስከሚያበቃበት ሄድን፣ ከዚያ በእግር።

ሽቅብ ነው። የገብስ ማሳ፣ የድንች ማሳ፣ የባሕር ዛፍ፣ እንደገና የድንች ማሳ። ያገኘናቸው ሴቶች እርስ በርሳቸው በአዊኛ ያወሩና ለእኛ በአማርኛ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሰናይት በአዊኛ ስትመልስላቸው ደስ ብሏቸው እንደገና ይጠይቋታል፤ ሁለተኛውን ስለማትችለው ትስቃለች።

እትዬ የሺ ከሩቅ አይተውን ወጡ። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው። የሰናይትን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ይዘው ደጋግመው ሳሟት።

"ከስተሻል።"

"እርስዎ ሁልጊዜ እንደዚያ ይላሉ፣ እትዬ።"

"ሁልጊዜ ትከሻለሽ።"

አያ ፈንታሁን በር ላይ ከተነጠፈ ቆዳ ላይ ቁጭ ብለው ይስላሉ። ካልሲውን ሲያዩ ወዲያው አጠለቁት። የተቀቀለ ድንችና አዋዜ፣ ከአጠገቡ ትኩስ የገብስ ዳቦ መጣልን። ማንጎውን እትዬ የሺ አሸተቱና "የቆላ ሽታ" ብለው ከመደቡ ራስጌ አስቀመጡት።

የሚኖሩት በቆርቆሮው ቤት ነው፤ የሣሩ ቤት ከጓሮው፣ ከከብቶቹ በረት ጎን ይገኛል። ክብ ነው፤ ሣሩ ከእርጅና ግራጫ ሆኗል፤ በአንድ በኩል ሰርጉዷል። አሁን የዘር ገብስና ድንች ይቀመጥበታል። ዝናብ ሲመጣ ግን ያፈሳል፤ አምና የዘሩ ገብስ ግማሹ ሻግቶባቸዋል።

ስንገባ ወለሉ ላይ አየሁት። መጀመሪያ የደረቀ ቅጠል መስሎኝ ነበር። ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ፣ ሐምራዊ ቆዳ ያላት፣ ዓይኗን ጨፍና በክንፏ ክርን ለመዳህ የምትሞክር ግልገል። ከእሷ አጠገብ ሁለት ሌሎች ነበሩ፤ እነሱ ግን አይንቀሳቀሱም።

ሰናይት ጓንቷን አጠለቀች። ተንበርክካ ግልገሏን በጨርቅ አቀፈቻት፤ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ጠብታ ውኃ አፏ ላይ አስነካቻት። ትንሿ ምላስ ወጣች።

"ለምንድን ነው የሚወድቁት?" አሉ እትዬ የሺ። "ረስታቸው የምትሄድ እናት ነው ያለቻቸው?"

"አይደለም፣ እትዬ። እናቶቹ እየራባቸው ነው። እዚህም ምንጩ ደርቆ፣ ዝናቡም ዘግይቶ፣ የሚበላ ነገር አልፈላላቸውም፤ ስለዚህ ሩቅ ሄደው ይዘገያሉ። ልጆቹ ርቧቸው ጠርዝ ላይ ይወጣሉ፣ አቅም ሲያጡ ይለቃሉ።"

እትዬ የሺ ሄደው መሰላል አመጡ።

ሰናይት ግልገሏን ከሣሩ ሥር ባለ ሻካራ እንጨት ላይ አስያዘቻትና ወረደች። መሣሪያውን ከፍታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ብርሃኑ እየደከመ ነበር። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ከመሣሪያው ውስጥ ገብስ ምጣድ ላይ ሲፈነዳ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ። ከላይ እየነቁ ነው። በዚያ መሃል አንዲት እናት ከሣሩ ወጥታ እንጨቱን ተከትላ ወረደች። ረጃጅም ጆሮዎቿን ወዲህና ወዲያ አዞረች። ግልገሏ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ አሸተተቻት፤ ከዚያ ክንፏን እንደ ነጠላ ዘርግታ ሸፈነቻት። ክንፉ ሲነሳ ግልገሏ ሆዷ ላይ ተጣብቃ ነበር።

ሰናይት ትከሻዬ ላይ ተደገፈች።

ቅዳሜ ጠዋት

ጌታነህ ከሁለት አናጺዎች ጋር ማልዶ ደረሰ። ቆርቆሮው በፈረስ ጋሪ ተጭኗል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ጌታነህ እንጅባራ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ወጣት ነው። እናቱን ሳመ፣ የአባቱን ጉልበት ሳመ፣ ለእኛም በትሕትና ሰላምታ ሰጠን። ወዲያው ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

ሰናይት ሄዳ ፊቱ ቆመች። የምትናገረውን ሌሊቱን ስትለማመድ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከአፏ የወጣው ግን አጭር ነበር።

"ጌታነህ፣ ዛሬ ካፈረስከው ግልገሎቹ ይሞታሉ። መብረር አይችሉም።"

"ካላፈረስኩትስ ይድናሉ?"

እኔ አዎ እንድትል ፈልጌ ነበር።

"አላውቅም" አለች። "ዝናቡ ቶሎ ከመጣ ብዙዎቹ ይድናሉ። ከዘገየ አብዛኛዎቹ አይተርፉም።"

"እና ለማይታወቅ ነገር የእናቴ ዘር ይሻግት?" ድምፁን አላነሳም። "አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ፣ ሰናይት። ግን ነገ ትሄጃለሽ። አባቴ በዚህ ሳል ክረምቱን ከረጠበ እህል ጋር ሲታገል የማየው እኔ ነኝ። ይህን ቆርቆሮ ለመግዛት ስንት ጊዜ እንደሠራሁ እናቴ ታውቃለች።"

"በሽታስ አያመጡም?" አለ ከአናጺዎቹ አንዱ።

"በባዶ እጅ አትንኳቸው" አለች ሰናይት። "ኩሳቸውን ስትጠርጉም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ካልነኳቸው እነሱ ሰው ፍለጋ አይመጡም።"

ጋሪው ላይ የተጠመደው ፈረስ እግሩን አቀያየረ። ጌታነህ ትክክል ነው፤ እህቴም ትክክል ናት።

እትዬ የሺ የበረቱን አጥር ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተው ወደ ልጃቸው መጡ።

"ጌቴ፣ የበረቱም ጣሪያ ያፈሳል።"

"በረቱን በሚቀጥለው ዓመት እሠራዋለሁ፣ እማ። ይህ ለዚህ ቤት ነው የገዛሁት። እዚህ ነው የተወለድኩት።"

"አውቃለሁ። እዚያች ጋ" አሉ በበሩ ወደ ውስጥ እያመለከቱ፤ "ከምሰሶው አጠገብ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ አባትህ አዋላጇን በፈረስ አመጣት።" እጃቸውን ደረቱ ላይ አደረጉ። "ቆርቆሮውን በረቱ ላይ ምታልኝ። የዘሩን ገብስ ወደዚያ አወጣዋለሁ፤ ቆጥ ትሠራልኛለህ። ይህን ቤት ልጆቹ ክንፍ እስኪያወጡ ተወው። አራስ አላስወጣም።"

ጌታነህ አባቱን አየ። አያ ፈንታሁን ሳላቸውን ጨርሰው "እኔን አትየኝ" አሉ። "እሷ ከወሰነች አልቋል።"

ጌታነህ መሬቱን በጫማው ጫፍ ቆፈረ። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ስጦታው ያልተከፈተለት ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ወደ ጋሪው ሄዶ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አነሳ። ሰናይት ሌላውን ጫፍ ልትይዝለት ስትሮጥ አልከለከላትም።

ቀኑን ሙሉ ተሠራ። እኔ ከእትዬ የሺ ጋር ገብስ በቁና እየሞላሁ አመላለስኩ፤ ምስማሩ ሲመታ ከብቶቹ ከሜዳው ላይ ቀና ይላሉ። ምሳ ሽሮና ጎመን በላን፤ የአቶ ሰይድን ማንጎ እትዬ የሺ በቢላዋ ቆራርጠው ለአናጺዎቹም አዳረሱ። ሰናይት በመካከሉ እየገባች የወደቀ ካለ ታያለች። አንድ ሌላ አገኘች፤ በሕይወት አልነበረም፤ ከጓሮው ከእንሰቱ ሥር ቀበረችው።

ምሽት ላይ ጌታነህ እጁን ታጥቦ ከሣር ቤቱ ፊት መጣ። እናቱ አጠገብ ቆመ። የሌሊት ወፎቹ ከሣሩ ጠርዝ አንድ በአንድ እየተወረወሩ ወጡ፤ እንደ አቶ ሰይድ ዋሻ ሰማይ የሚያጠቁሩ አልነበሩም። መሣሪያውን ሰናይት ሰጠችው። ጆሮው ላይ ይዞ ሲሰማ ቅንድቡ ተነሳ።

"ይህን ሁሉ ሲያወሩ ነው እኛ ዝም ያሉ የሚመስለን?"

"ይህን ሁሉ።"

"ከዚህም ከሞቃቸው የት ይሄዳሉ?"

ሰናይት ከመንደሩ በላይ ያለውን ሸንተረር አሳየችው። የባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ የመጨረሻው ብርሃን ቀርቷል።

"እስከዚያ ድረስ ይወጣሉ። ከዚያ በላይ መሬት የለም።"

ጌታነህ መሣሪያውን ወደ እናቱ ጆሮ አስጠጋላቸው።

እሑድ፣ መልስ

ስንሸኝ እትዬ የሺ አንድ ጆንያ ድንች አሸከሙን፤ እምቢ ማለት አልተቻለም። በሚኒባሱ ሰናይት ከዳንግላ እስከ መራዊ ትከሻዬ ላይ ተኛች። አቧራው ያው ነበር። ባሕር ዳር ስንደርስ አስፋልቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ ድንቹን ለሁለት ተካፍለን ወደየቤታችን ገባን።

ባሕር ዳር፣ ሰኔ መጨረሻ

ዝናቡ ዘግይቶ መጣ። ከመጣ በኋላ ግን እንጅባራ ሌትና ቀን ወረደ፤ ስልክም ለቀናት ተቋረጠ። ሰናይት እኔ ቤት እየመጣች ምግብ ትነካካና ስልኩን ታያለች። በስተመጨረሻ የደወለው ጌታነህ ነው። ስፒከሩን ከፈተችው።

የተረፉት መብረር ጀምረዋል አለ። ያልተረፉት ብዙ ናቸው፤ እናቱ ከእንሰቱ ሥር ቀብረዋቸዋል። ከግልገሎቹ አንዷ ተሳስታ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ገብታ ስትዞር አያ ፈንታሁን መብራቱን አጥፍተው፣ በሩን ከፍተው፣ ካልሲያቸውን እንዳጠለቁ ውጭ ብርድ ላይ ቆመው ጠብቀዋታል። በሰረጎደው በኩል ጣሪያው ክፉኛ አፍስሷል። ጌታነህ ሣር ፍለጋ ሁለት መንደር ዞሮ አንድ ሸክም አግኝቶ ጠግኖታል።

"ቆርቆሮውንስ?" አለች ሰናይት።

"ሌላ ስገዛ ከሣሩ በላይ ነው የምመታው። ሣሩ ከሥር ይቆያል። እንደዚያ አይሞቃቸውም አይደል?"

ሰናይት ዓይኗን ጠረገች። "እንደዚያ ይሻላል" አለች።

"ለሚቀጥለው ዓመትስ ይመጣሉ?"

"ዝናቡ በጊዜው ከጣለ።"

"ካልጣለስ?"

መስመሩ ላይ የእንጅባራ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማ ነበር። ሰናይት ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

"እኔ ግን እመጣለሁ፣ ጌታነህ። በግንቦት መጀመሪያ ነው የምመጣው፤ መሰላሉን አቆዩልኝ።"